አባ ፒየር ጉዌንና የምድራችን መዝገብ

በየማለዳው ከየካ ሚካኤል ሠፈር ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ የሚመጣ ተማሪ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል አልፎ የቀበናን ወንዝ ሲሻገር የእንጦጦ ተራራ በስተ ቀኙ ተዘርግቶ ያየዋል። ተራራ የጽናት ምሳሌ ነው። ባለቅኔውም፣ ሰባኪውም፣ ሽማግሌውም የማይነቃነቅን ነገር ለመግለጽ ሲፈልጉ ተራራን ይጠቅሳሉ። ሆኖም ያው ተማሪ በሚማርበት በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ውስጥ፣ ከተራራው በታች ያለችው ምድር ሌሊትና ቀን ምን ያህል እንደምትንቀጠቀጥ ለማወቅ የተቋቋመ ቤት አለ። ብዙዎቻችን በአጠገቡ እናልፋለን፤ ማን እንዳቋቋመውና ለምን እንደተቋቋመ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። መሥራቹና ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ያህል መሪው የነበሩት ሰው አባ ፒየር ጉዌን ይባላሉ።

የእኒህን ሰው ሕይወት ለወገኖቻችን ተማሪዎች ማስታወስ የፈለግነው ሥራቸው ዛሬ እያንዳንዳችን የምንተኛበትን ቤትና የምንማርበትን አዳራሽ ስለሚመለከት ነው። አንድ መምህር ከጥቁር ሰሌዳ ተነሥቶ ወደ ምርምር፣ ከምርምርም የሕዝብን ደኅንነት ወደ መጠበቅ እንዴት እንደደረሰ ታሪካቸው ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጉዌን ከካናዳ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ክፍል ከክቤክ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። የዚህ ማኅበር ስም በታሪካችን በበጎ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበሩት ኢየሱሳውያን የአገሩን ሃይማኖት ለማስለወጥ በመድከማቸው ብዙ ደም ፈስሶ በመጨረሻ ዐፄ ፋሲለደስ ከአገር አስወጥተዋቸዋል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ሲጋብዙ ጉዳዩ ሌላ ነበር። የፋሺስት ወረራ የተማረውን ወጣት ፈጅቶ ስለነበር አገሪቱ አስተማሪ ተጠምታ ነበር። እንግዶቹም እንዲያስተምሩ እንጂ እንዳይሰብኩ ተስማምተው መጡ፤ የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት ተረከቡ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። አባ ጉዌን በዚህ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ኢየሱሳውያን በየአገሩ ባቋቋሟቸው ኮሌጆች ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎችን መትከል የቆየ ልማዳቸው ነበር። ስለዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት በአንዳንድ ሊቃውንት ዘንድ የኢየሱሳውያን ሳይንስ እስከ መባል ደርሶ ነበር። አባ ጉዌን ከዚህ ወገን የተገኙ መምህር ናቸው። ይሁንና በአዲስ አበባ ሥራቸውን የጀመሩት በመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ከማግኔት በኩል ነው።

ከሰኔ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ ከስድሳ የሚበልጡ አገሮች ምድርን፣ ባሕርንና ሰማይን በአንድነት ለመለካት ተባብረው ነበር። ዘመኑም ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተባለ። በመስከረም 1950 ዓ.ም. ሩስያ ወደ ሰማይ የላከችው ስፑትኒክ የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው። በዚህ ታላቅ ሥራ ኢትዮጵያ የምትፈለግበት ምክንያት ነበራት። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዲያዘነብል ተደርጎ ቢሰቀል፣ በምድር ማግኔታዊ ዋልታዎች ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዋልታዎቹ እኩል በሚርቀው መስመር ላይ ግን አግድም ይተኛል። ይህ መስመር የማግኔት ወገብ ይባላል፤ ከአዲስ አበባም ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። ከመስመሩ በላይ፣ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በሰማይ ይፈሳል። ይህን ጅረት ከመሬት ሆነው የሚከታተሉ ጣቢያዎች በዓለም ላይ ጥቂቶች ነበሩ፤ በፔሩ ሁዋንካዮ፣ በሕንድም ትሪቫንድረም ከእነዚህ የሚቆጠሩ ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ ለመሙላት የአዲስ አበባው ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ አባ ጉዌንም ዲሬክተሩ ሆኑ።

ገና ጥቂት ተማሪዎች ብቻ በነበሩት ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ መጀመር ቅንጦት ይመስል ይሆናል። በዚያ ዘመን ምርምር የሀብታም አገሮች ሥራ ነው፤ ለእኛ ከውጭ የተዘጋጀውን መማር ይበቃናል የሚል አስተሳሰብ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። የኦብዘርቫቶሪው መቋቋም ለዚህ አስተሳሰብ መልስ ነበር። ሌላው ዓለም ገንዘብ ስላለው ብቻ ሊያገኘው የማይችል፣ እዚህ ካልተለካ በስተቀር የማይለካ እውቀት በእኛ አፈርና በእኛ ሰማይ ውስጥ እንዳለ አሳየ።

ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ሲስሞግራፍ ተተከለ። የመሣሪያው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ከባድ ነገር በምሰሶ ላይ ቢንጠለጠልና ምድር ብትንቀጠቀጥ፣ ምሰሶው ከምድር ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ከባዱ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ይሣላል። ከአንድ መንቀጥቀጥ መጀመሪያ ፈጣኑ ሞገድ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ቀርፋፋው ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለፈውን ሴኮንድ በስምንት ማባዛት በቅርብ ለሚነሣ መንቀጥቀጥ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣል። ልዩነቱ 25 ሴኮንድ ከሆነ ምድር የተናወጠችበት ቦታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ትክክለኛውን ቦታ ለማወቅ ግን ቢያንስ ሦስት ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የአዲስ አበባው መሣሪያ ከሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ጋር መረጃ እየተለዋወጠ መሥራት ነበረበት።

መሣሪያው ሥራ ለመፍታት ጊዜ አላገኘም። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ከሻሸመኔ አጠገብ ያለው የስምጥ ሸለቆ ምድር ብርቱ መንቀጥቀጥ አስነሣ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከባዱ የካራ ቆሬ አደጋ ደረሰ። ይህች ካራ ቆሬ በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለችው ሠፈር ሳትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ናት። በሬክተር መለኪያ ከ6 የበለጠው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈረሰ፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ የደሴው መንገድ ተሰነጠቀ፣ ናዳም ወረደበት። ምድሪቱ ከዋናው አደጋ በፊትም በኋላም ለወራት በትንሹም በትልቁም ተናወጠች፤ አዲስ አበባ ድረስም ተሰማ።

አባ ጉዌን ይህን አደጋ በመሣሪያው ወረቀት ብቻ አልተከታተሉትም። የትኛው ቤት እንደወደቀ፣ የትኛው እንደቆመ፣ መሬቱ በየት በኩል እንደተሰነጠቀ በዝርዝር እንዲጻፍ አደረጉ። ለደኅንነት የሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለውም። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ ግድግዳው ሲወዛወዝ ይበታተናል፤ ከበላዩ ያለው ከባድ ጣራም በሰው ላይ ይወርዳል። በማገር የተሠራው የእንጨት ቤት ግን ይዘማል እንጂ በቶሎ አይወድቅም። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው የምድር መናወጥ ራሱ ሳይሆን በአብዛኛው ሰው በገዛ እጁ የሠራው ቤት ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ተስፋን ይሰጣል፤ ምድርን ማቆም ባይቻልም ቤትን ማጠንከር ይቻላልና።

ከካራ ቆሬ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ። እንዲህ ያለው ነገር በአገራችን ስንት ጊዜ ደርሷል? ወደፊትስ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ይጠበቃል? ሲስሞግራፉ ለዚህ መልስ አልነበረውም። የአንድ መሣሪያ ዕድሜ በዓመታት ይቆጠራል፤ በአንድ ቦታ ላይ በሁለት ታላላቅ መንቀጥቀጦች መካከል ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሊያልፍ ይችላል። ሕዝቡም የአያቱን ዘመን አደጋ ይረሳል፤ ያልታየውንም ነገር የሌለ ያደርገዋል። ከዚህ የተነሣ የፊዚክሱ መምህር የታሪክ ተማሪ ለመሆን ተገደዱ።

አባ ጉዌን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የቆንስሎችን ደብዳቤና የጋዜጦችን ወሬ መመርመር ጀመሩ። ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። የእኛና የአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ስለሚለያይ አንድ መንቀጥቀጥ በሁለት ቀን ተመዝግቦ ሁለት ሊመስል ይችላል። የእሳተ ገሞራ ጩኸት፣ የተራራ ናዳ፣ ነጎድጓድ ሁሉ በጸሐፊው ብዕር የምድር መናወጥ ይሆናሉ። እያንዳንዱን ቃል ከሌላ ምስክር ጋር ማስተያየት፣ የማይታመነውን መጣል፣ የሚታመነውን በካርታ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

ከዚህ ድካም የተረሱ ታሪኮች ወጡ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር በመንቀጥቀጥና በናዳ ተጎድታ ነበር። በነሐሴ 1913 ዓ.ም. ምጽዋ ክፉኛ ፈርሳለች። ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ከሁሉም የሚበልጠው ግን የነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተነሣው መንቀጥቀጥ በሬክተር መለኪያ ወደ 7 የሚጠጋ ነበር። በዋና ከተማዪቱ ሕዝቡ በድንጋጤ ከቤቱ ወጣ። ከተማዪቱ ግን ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት ያህል ብቻ የሆናት፣ አብዛኛው ቤቷ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ ነበርና ብዙ ጥፋት አልደረሰም። በመሆኑም ነገሩ ተረሳ። አባ ጉዌን ይህን ቀን ከመዝገብ ሲያወጡት አዲስ አበባ መልኳ ተለውጦ፣ በሣር ጎጆው ስፍራ ድንጋይና ሲሚንቶ እየተተካ ነበር። ያው መንቀጥቀጥ ቢመለስ የሚያገኘው ከተማ ያው አይደለም።

በመጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው የአፋር መንደር ሰርዶ ፈረሰች፤ ከሃያ በላይ ሰዎችም ሞቱ። ለአንዲት ትንሽ መንደር ይህ ታላቅ ሐዘን ነበር። በዚያን ጊዜ የዓለም የምድር ሊቃውንት ዐይናቸውን በአፋር ላይ ጥለው ነበር፤ የምድር ቅርፊት በዚያ በሦስት አቅጣጫ እየተለያየ መሆኑ በመታመን ላይ ነበርና። አባ ጉዌን ከእንግሊዛዊው የጂኦሎጂ መምህር ከፖል ሞር ጋር በየመንገዱ የስበትን ኃይል ሲለኩ ቆይተው ነበር። በ1962 ዓ.ም. ገደማም ስለ አፋር የመንቀጥቀጥና የስበት መረጃ ያዘጋጁት ጥናት በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ከአራት ኪሎ የወጣ ልኬት አህጉሮች እንዴት እንደሚለያዩ በሚደረገው ታላቅ ክርክር ውስጥ ምስክር ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

ሊቅ ሆኖ በሊቃውንት ፊት መከበር ለብዙ ሰው በቂ ነው። አባ ጉዌን ግን ከዚያ አልፈው ሄዱ። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በመንቀጥቀጥ አደጋ ልክ በቀጠና የሚከፍል ጥናት አወጡ። ይህ ጥናት ለመሐንዲስ የተሠራ ነው። አንድ ሕንፃ በሐዋሳ፣ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ሲሠራ ምን ያህል የጎን ግፊት እንዲችል ተደርጎ መታቀድ እንዳለበት ለማስላት መነሻ ይሰጣል። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ ዓመት ልፋታቸው የሆነው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በእንግሊዝኛ በኦታዋ ታተመ። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሚሆነውን ዘመን የሚሸፍነው ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ አገራችን መንቀጥቀጥ የሚጽፍ ሁሉ የሚጀምርበት ነው። ያ ዘመን የአብዮት ዘመን እንደነበረ ልብ ይሏል። መንግሥት ተለውጦ፣ ዩኒቨርስቲው ስሙን ቀይሮ፣ ብዙ መዝገብ በጠፋበት ጊዜ ይህ መዝገብ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። የአባ ጉዌን የቀጠና ካርታ የመጨረሻ ቃል አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። በእጃቸው የነበረው መረጃ ትንሽ ነበር። ከእሳቸው በኋላ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የሕንፃ ደንብ የመንቀጥቀጥ ክፍል በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን አደጋ መሠረት ያደረገ ነበር። ብዙ አገሮች ግን የሚያሰሉት በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን ነው። ይህም አደጋው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ ዐሥር ነው እንደ ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ይህን ጉድለት ደጋግመው አመለከቱ። በ2007 ዓ.ም. በተዘጋጀው አዲስ ደንብም ስሌቱ ተሻሽሎ አዲስ አበባ ከሁለተኛው ቀጠና ወደ ሦስተኛው ከፍ አለች። መምህር የሚከበረው ተማሪዎቹ እሱ የቆመበት ላይ ሲቆሙ ብቻ አይደለም፤ ከቆመበት አልፈው ሲሄዱም ነው። ዛሬ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የሆነው ያ ትንሽ ኦብዘርቫቶሪ በኢትዮጵያውያን እጅ መሆኑና ጣቢያዎቹም በየክፍለ ሀገሩ መብዛታቸው ከአባ ጉዌን ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ሳይሆን አይቀርም።

አባ ጉዌን ወደ ካናዳ ከተመለሱም በኋላ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በኢትዮጵያ የተማሩትን ዘዴ ወደ ትውልድ አገራቸው ወሰዱት። በ1993 ዓ.ም. በክቤክ የተሰሙትን የጥንት መንቀጥቀጦች ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች እየመረመሩ የሚያበጥር ትልቅ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። እውቀት ሁልጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ እንደሚፈስ ለምናስብ ሰዎች ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በአንኮበርና በምጽዋ ታሪክ የተሳለ ዐይን ነው የክቤክን ታሪክ የመረመረው። እሳቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሥራቸው ግን በመደርደሪያ ላይ ተኝቶ እኛን ይጠብቃል።

ለምን ይጠብቀናል ብንል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ፣ በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ የአፋርና የከረዩ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ የአዲስ አበባም ሕዝብ ሌሊት ከፎቅ እየወረደ በየሜዳው ሲቆም አይተናል። በየካቲት ወር ከደረሱት አንዱ በሬክተር መለኪያ 6 ገደማ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ታይቶ አይታወቅም ሲል ተሰማ። የ1898ቱ፣ የ1953ቱና የ1961ዱ አደጋ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ይህ መባሉ ያሳዝናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ያስፈራል።

ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ኮረብታ እናስብ። በዚያ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ የጥንቱ ጠራቢ የድንጋዩን ባሕርይ መርምሮ እንደሠራ ያስታውቃል። ከእሱ በታች ባለው ቁልቁለትና ሜዳ ላይ የዛሬው ሰው ፎቅ በፎቅ ላይ ይደረድራል። ሁሉም ቦታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በጽኑ ዐለት ላይ የቆመ ቤት ከመንቀጥቀጡ የሚደርስበት አነስተኛ ነው። በቦሌ በኩል እንዳለው ባለ ጥልቅ ጥቁር አፈር ላይ የቆመው ግን መወዛወዙ ሊበዛበት ይችላል። በገደል አፋፍ ላይ ያለው ደግሞ ናዳ ያሰጋዋል። የአፈሩን ጠባይ ሳይመረምሩ አንድን ፕላን ከሠፈር ሠፈር መገልበጥ፣ ከብረቱ ቀንሶ ኮንክሪቱን ማቅጠን፣ የምድር ቤቱን ለሱቅ ሲሉ በቀጫጭን ምሰሶ ብቻ ክፍት አድርጎ ማስቀረት በመንቀጥቀጥ ቀን ዋጋው በሰው ሕይወት የሚከፈል ነው።

እንግዲህ የምህንድስና ተማሪ የሆንክ ወንድሜ፣ የሆንሽም እኅቴ፣ ደንቡን ለፈተና ብቻ አታጥኑት፤ ነገ በምትፈርሙበት ፕላን ሥር የሚተኙ ልጆች አሉ። የሕግ ተማሪው ደንቡን የጣሰ ሥራ ተቋራጭ በማን ፊት እንደሚጠየቅ ይመርምር። የኢኮኖሚክስ ተማሪው አንድን ሕንፃ አስቀድሞ ማጠንከር ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ከወደቀ በኋላ መልሶ መሥራትስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ያስላ። የታሪክ ተማሪውም በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያልተነበበ ብራና ስላለ አባ ጉዌን ያላገኙትን መንቀጥቀጥ ከዚያ ፈልጎ ያውጣ። የዩኒቨርስቲያችን አዳራሾችና የተማሪ ማደሪያዎች ራሳቸው ቢመረመሩ ደግሞ ከሁሉም ይቅደም፤ ማኅበራችንም ይህን ለመጠየቅ መብት አለው።

አንድ የፊዚክስ መምህር ከሩቅ አገር መጥቶ የማያውቀውን ሕዝብ የተረሳ አደጋ ከብራናና ከወረቀት ለቅሞ በአንድ መጽሐፍ አኖረልን። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ቅጠሉ በእጃችን ነው፤ መጽሐፉም በቤተ መጻሕፍት አለ።